ፖሊሱ ደጃፍ ላይ ከመቆሙ በፊት

እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2020፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 27 ቀን 2012፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የደወለችልኝ በአውስትራሊያ፣ በሰሜን ሜልበርን ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ የምትኖር የእድራችን አባል ናት። «ለሕፃኑ ወተት ልገዛ ብወርድ ፖሊስ መለሰኝ። ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ። ቴሌቪዥን ስከፍት ነገሩ ገባኝ። የወቅቱ የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት መሪ ዳንኤል አንድሩዝ በፍሌሚንግተንና በሰሜን ሜልበርን የሚገኙ ዘጠኝ ፎቆች በኮቪድ-19 ምክንያት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መዘጋታቸውን እየተናገሩ ነበር። 3,000 ገደማ ሰው ከቤቱ ደጃፍ እንዳይወጣ ተከለከለ። በዚያው ሳምንት ሌሎች ሰፈሮች ሲዘጉ ነዋሪው አንድ ቀን አስቀድሞ ተነግሮት ነበር፤ አስቤዛ ለመግዛትና ለሕክምና መውጣትም ተፈቅዶለታል። የፎቆቹ ነዋሪ ግን የተዘጋበትን ምክንያት ከማወቁ በፊት ፖሊሱን አየ።

እነዚያ ፎቆች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠሩ ናቸው። ሶማሌው፣ ኢትዮጵያዊው፣ ኤርትራዊው፣ ሱዳናዊው፣ ቬትናማዊው በአንድ አሳንሰር ይወጣል፣ ይወርዳል። ቫይረሱም በዚያው አሳንሰር ወጣ፣ ወረደ። ይህን የምለው ለፍርድ እንዳልቸኩል ነው፤ በሽታው በእርግጥ ሕንፃዎቹ ውስጥ ነበረ፣ አንድ ነገር መደረግም ነበረበት። ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው።

ያን ሌሊት የሆነውን ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል። መድኃኒት ያለቀበት የስኳር ሕመምተኛ ነበረ። የመጣው ምግብ ለአንዳንዱ ጊዜው ያለፈበት፣ ለሌላው ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት ሆነ። ወቅቱ የሰኔ ጾም ስለነበር የእኛ ጿሚ እናቶች ሥጋ የገባበትን ካርቶን ተቀብለው ደጃፋቸው ላይ አስቀመጡት፤ ሙስሊሙ ጎረቤት ደግሞ ሥጋው ሐላል መሆኑን የሚነግረው ሰው አጣ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አስተርጓሚ በበቂ አልነበረም። ክፍተቱን የሸፈኑት የሰፈሩ ወጣቶችና በአቅራቢያው የነበረው የሙስሊሞች የማኅበራዊ አገልግሎት ማኅበር ናቸው። ምግብ አሰባሰቡ፣ የመንግሥቱን መግለጫ በየቋንቋው አዙረው በስልክ አሠራጩ። ማንም አላዘዛቸውም።

እኛስ? እውነቱን ልናገርና፣ እኛ ዘግይተን ነው የደረስነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ስንሰባሰብ የኖርን ሰዎች በእነዚያ ፎቆች ውስጥ ስንት አባል እንዳለን እንኳ አናውቅም ነበር። የእድራችን ደብተር ስምና መዋጮ ብቻ ይዟል፤ ማን ክፍያ እንደቀረበት ያውቃል፣ ማን ለብቻው እንደሚኖር አያውቅም። እድር ማለት ሰው ሲሞት የሚነሣ ነገር አድርገነው ኖረናል። ወረርሽኝ ግን ሰው ሳይሞት በፊት የሚነሣ እድር ይፈልጋል። በአሜሪካም፣ በአውሮፓም፣ በእስራኤልም፣ በዓረብ አገሮችም ላላችሁ ወገኖቼ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ አቤት የምትሉበትን መንገድ ዛሬ፣ በሽታ ሳይመጣ፣ ጥረጉት።

አገር ቤት ያደግነው «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው። ለዚያ ጊዜና ለዚያ ቦታ ብልኅነት ነበረበት፤ ስንቱን ሰው ከእስር አድኗል። እዚህ ግን ዝም ያለ ሰው የረካ ሰው ተደርጎ ይቆጠራል። ቢሮው ውስጥ ያለው ሠራተኛ ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ፊቱ ያለው ቅጽ ላይ «ቅሬታ፦ የለም» የሚል ካነበበ ወደሚቀጥለው ሰፈር ያልፋል። በነገራችን ላይ አቤት ማለት የባዕድ ልማድ አይደለም። አያቶቻችን «አቤት! አቤት!» እያሉ የንጉሥ መንገድ ላይ የሚቆሙ ሰዎች ነበሩ። ባሕር ተሻግረን ስንመጣ እርሱን ትተን ዝምታውን ብቻ ይዘን የመጣነው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ከደብተሩ ጀምሩ። ከዚያ ሳምንት በኋላ የእኛን ደብተር ከልሰን ጻፍነው። በየቤቱ ስንት ሰው አለ፣ በየትኛው ቋንቋ ቢነገረው ይረዳል፣ ማንበብ ይችላል ወይ፣ ዘወትር የሚወስደው መድኃኒት አለ ወይ፣ ድንገት ቢታመም ማን ይጠራለት? ፈቃደኛ ያልሆነውን አላስገደድንም፤ ደብተሩን የሚያዩትም ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከዚያ አንድ ሰው ለአምስት ቤት እንዲደውል ደለደልን። ይኼው ነው። ኮምፒውተርም አላስፈለገውም።

ሁለተኛው ነገር መጻፍ ነው። እኛ ተናጋሪ ሕዝብ ነን፤ በደላችንን ቡና ላይ አሳምረን እንተርካለን፣ ወረቀት ላይ ግን አናሰፍርም። «ምግብ አልደረሰንም» ማለት ለማንም አይያዝም። «ቅዳሜ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ እሑድ ሰባት ሰዓት በ7ኛው ፎቅ ለአራት ልጆች እናት ምንም አልደረሰም፤ ሁለት ጊዜ ደውላለች» ሲባል ግን ነገሩ እጀታ ያወጣል። የቪክቶሪያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ዴቦራ ግላስ ጉዳዩን መርምረው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ዘገባ ሲያወጡ የተመረኮዙት ነዋሪዎች በሰጡት ቃል ጭምር ነው። ጊዜያዊ እገዳው ራሱ በጤና ረገድ ምክንያት እንደነበረው ተቀብለዋል። ያለ ማስጠንቀቂያ ወዲያውኑ መዘጋቱ ግን የነዋሪውን ሰብአዊ መብት የጣሰ እንደነበር፣ ትእዛዙን የፈረሙት የጤና ኃላፊም ጉዳዩን ለማጤን የነበራቸው ጊዜ 15 ደቂቃ ገደማ ብቻ እንደነበር አሰፈሩ። መንግሥት ይቅርታ እንዲጠይቅ መከሩ፤ አልጠየቀም። ነዋሪዎቹ ግን በፍርድ ቤት በጋራ ተከራክረው እ.ኤ.አ. በ2023 የ5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ስምምነት ላይ ተደረሰ። ገንዘቡ ለያንዳንዱ ሲከፋፈል ብዙ አይደለም። ነገር ግን ያንን የክስ መዝገብ የሞላው ሰኔ ላይ በየኩሽናው የተጻፈው ቀንና ሰዓት ነው።

አስተርጓሚን በተመለከተ ትንሽ ልቆጣ። ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጓቸው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ለእናቱ «ቫይረሱ ተገኝቶብሻል» ብሎ እንዲነግር ሲደረግ በስልክ ሰምቻለሁ። ልጁ መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዚያ «ደኅና ነሽ ይሉሻል» አላት። ማን ይፈርድበታል? አውስትራሊያ ያላችሁ በ131 450 ደውላችሁ «አማርኛ» ወይም «ትግርኛ» ወይም «ኦሮምኛ» ማለት ትችላላችሁ፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን በቋንቋችሁ እንዲያስተናግዷችሁ እንደሚያስገድድ እወቁ፤ አማርኛ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ያ ሕግ ከሰማይ አልወረደም። የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ማኅበረሰቦች አብረው ወትውተው ያስወጡት ነው። የማትጠቀሙበት ከሆነ ግን አንድ ቀን «ፈላጊ የለውም» ተብሎ ቢታጠፍ አትገረሙ።

የተተረጎመ ወረቀት ደረሰን ብላችሁም አትተኙ። አንብቡት። በወረርሽኙ ወቅት እጄ የገባ አንድ ወረቀት «ውጤትዎ አዎንታዊ ነው» ይል ነበር። አንድ አዛውንት አንብበው «ተመስገን» ብለው ጎረቤት ሻይ ሊጠጡ ሄዱ። ወረቀቱን ላዘጋጀው ቢሮ ስደውል ተናጋሪዋ ደንግጣ ወዲያው ለማስተካከል ቃል ገባች፤ ከእኔ በፊት የነገራት ሰው አልነበረም። «ቫይረሱ ተገኝቶብዎታል» በሉ አልኳት። «ራስን ማግለል» የሚለውንም «ከሰው ሳይቀላቀሉ ቤት መቆየት» እንዲሉት ለመንኩ፤ መገለል በእኛ ጆሮ የሥጋ ደዌ ዘመን ቃል ነው። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችም ወረቀቱ ሳይሆን የድምፅ መልእክት ነው የሚደርስ፤ ያውም በሚያውቁት ሰው ድምፅ።

ጥብቅናው ወደ ውስጥም ነው። ከውጭ ካለው ባለሥልጣን ጋር ስንከራከር ከውስጥ «ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ያድናል፣ ክትባቱ ያመክናል» የሚለው ወሬ እየገደለን ነበር። በወሬው የሚሳለቁ ወጣቶች አሉ፤ መሳለቅ ማንንም አላስከተበም። እኛን የጠቀመን ነርስ የሆነች እህታችን እሑድ እሑድ በስልክ ስብሰባ እየመጣች «እኔም ፌጦ እወዳለሁ፤ ለክትባቱ ግን እጄን ሰጥቻለሁ» እያለች ጥያቄ መመለሷ ነው። ካህኑና ሼኹ ሲከተቡ ደግሞ ሰው አየ። በሽታውን የሚደብቀው ሰውም ብዙ ጊዜ ከሃፍረት ይልቅ የቤት ኪራይ ነው የሚያስደብቀው። ታክሲ የሚነዳው፣ ሥጋ ማቀነባበሪያ የሚሠራው፣ አረጋውያንን የሚጦረው ወገናችን ካልሠራ አይከፈለውም። ቪክቶሪያ ላይ ቫይረሱ ተገኝቶበት ቤት ለሚቀመጥና የሕመም ፈቃድ ለሌለው ሠራተኛ 1,500 ዶላር ይሰጥ ነበር። ይህን እስከ መጨረሻው ሳይሰማ ታሞ ሥራ የገባ ሰው አውቃለሁ።

ሌላው ቁም ነገር፣ ማን ይናገርላችሁ? ከሚኒስትር ጋር ፎቶ የሚነሣው ሊቀመንበር ሁልጊዜ ትክክለኛው ሰው አይደለም፤ እኔ ራሴ ሊቀመንበር ሆኜ አውቀዋለሁ። ፎቁ ውስጥ የምትኖረው እናት ትናገር፣ ሊቀመንበሩ ወንበር ያምጣላት። ስትሄዱም ለብቻችሁ አትሂዱ። «የኢትዮጵያውያን ጥያቄ» ከሚባል ደብዳቤ ይልቅ ሶማሌውም ቬትናማዊውም የፈረመበት ደብዳቤ ቶሎ መልስ ያገኛል። ይህ ለእኛ ቀላል አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2013 ላይ፣ አገር ቤት ጦርነት ሲጀመር እድራችን ሊበተን ምንም አልቀረውም። የወጡም አሉ። የጤናውን ሥራ ከፖለቲካው ለይተን «ስለ ክትባትና ስለ አስተርጓሚ ብቻ» በሚል ደንብ አብረን ለመሥራት ሞከርን፤ አንዳንዴ ተሳካ፣ አንዳንዴ ስልክ ተዘጋብኝ።

በዓረብ አገሮች ያላችሁ «ይህ ሁሉ ለእናንተ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ፓስፖርቷን አሠሪዋ የያዘባትን እህት አደባባይ ወጥተሽ ጩኺ አልላትም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ጁን 2020 ላይ በቤይሩት አሠሪዎቻቸው ቆንስላችን ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው የሄዱትን እህቶች አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሊባኖስ ስትሠራ የቆየችው «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለችው ማኅበር ራሳቸው የቤት ሠራተኛ በነበሩ ሴቶች የተመሠረተች ናት። በዚያ ክፉ ጊዜ ምግብና የቤት ኪራይ ያቀረበችውም፣ ለዓለም መገናኛ ብዙኃን የነገረችውም እርሷ ናት። መናገር የማይችለው እዚያ ሲሆን፣ መናገር የሚችለው ደግሞ እኛ ጋ አለ። ስም ሳትጠሩ፣ ቦታ ሳትጠቁሙ፣ እህታችን ራሷ በፈቀደችው ልክ ተናገሩላት።

እነዚያ ፎቆች አሁን ሊፈርሱ ነው። የቪክቶሪያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 የሜልበርንን 44 የመንግሥት ፎቆች በሙሉ እስከ 2051 አፍርሶ እንደሚሠራ አስታውቋል፤ ከመጀመሪያዎቹ መካከል የፍሌሚንግተንና የሰሜን ሜልበርኖቹ ይገኙበታል። ነዋሪዎች ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወስደውታል። ስለዚሁ በተጠራ አንድ የሰፈር ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ያቺ ወተት ልትገዛ ወርዳ የተመለሰችው እህት ከፊት ነበረች፤ ሕፃኑ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል። ተናጋሪው ማብራሪያውን ሲጀምር እጇን አነሣች። የአማርኛ አስተርጓሚ አጠገቧ ተቀምጦ ስለነበር ምን ጎድሎባት ነው ብዬ አሰብኩ። እርሷ ግን ከጎኗ ወዳሉት ቬትናማዊት አሮጊት እየጠቆመች «የእርሳቸው አስተርጓሚ እስኪመጣ አትጀምሩ» አለች። አሥራ ሁለት ደቂቃ ጠበቅን።