ከአዘዞ አፈር የወጣው ባክቴሪያ አዲስ ዝርያ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጎንደር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። አዘዞ ካለ የጤፍ ማሳ ካመጣሁት አፈር ስትሬፕቶማይሲስ (የአፈር ባክቴሪያ ወገን) የሚመስል ባክቴሪያ አሳድጌ 16ኤስ ጂኑን፣ ማለትም ባክቴሪያ ለመለየት የሚነበበውን ጂን፣ አስነበብኩ። በጣም የሚቀርበውን ዝርያ የሚመስለው 98.2 በመቶ ነው። ጓደኞቼ «በቃ፣ አዲስ ዝርያ አገኘሽ» ይሉኛል። እውነት ነው? በጎንደርስ ስም ልሰይመው?

መልስ፦ እህቴ፣ ድግሱን ትንሽ አቆዪው። ቁጥሩ ያጓጓል፤ መመሳሰሉ ከ98.7 በመቶ በታች ሲሆን አዲስ ነገር መጠርጠር የተለመደ ነው። ግን ስንት የዲኤንኤ ፊደል አስነበብሽ? ሙሉው ጂን ወደ 1500 ነው። ያንቺ በአንድ ፕራይመር (ንባቡ የሚነሳበት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ብቻ የተነበበ ግማሹ ከሆነና ጫፍና ጫፉ ላይ ያለውን የተበላሸ ንባብ ካልቆረጥሽ፣ ልዩነቱ ከባክቴሪያው ሳይሆን ከማሽኑ የመጣ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ከማን ጋር አወዳደርሽው? ብላስት (የዲኤንኤ ንባብ ከክምችት ጋር የሚያመሳክር መፈለጊያ) ላይ ዝም ብለሽ ከለጠፍሽው ስም የለሹም ሁሉ ይግተለተላል፤ መወዳደር ያለበት ከታይፕ ስትሬይኖች፣ ማለትም ለየዝርያው ስም ማጣቀሻ ከሆኑት ባክቴሪያዎች ጋር ነው። ለዚህ ኢዝባዮክላውድ የሚባለው የመረጃ ቋት ይሻልሻል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ስትሬፕቶማይሲስ ላይ 16ኤስ ደካማ ዳኛ ነው። ይሄ ጂናቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ዝርያቸው የተለያየ አለ። ስለዚህ ሙሉ ጂኖሙን (ዲኤንኤውን በሙሉ) ማስነበብ የግድ ነው። ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር ያለው ኤኤንአይ (የሁለት ጂኖሞች አማካይ መመሳሰል) ከ95 እስከ 96 በመቶ ከሚባለው ድንበር በታች፣ ዲጂታል ዲኤንኤ ሃይብሪዳይዜሽኑም (በኮምፒውተር የሚሰላ ሌላ የጂኖም መመሳሰል መለኪያ) ከ70 በመቶ በታች ከወጣ፣ ያኔ ጓደኞችሽ ልክ ናቸው። የሴል ግድግዳው፣ ፋቲ አሲዱ፣ የሚያድግበት ሙቀትና ፒኤችም ይለካል። አሰልቺ ነው፣ ግን ገምጋሚዎች አይለቁሽም።

ስሙ ችግር የለውም፣ ጎንዳሬንሲስ ማለት ትችያለሽ። በራስሽ ስም ግን አይሆንም፣ ነውር ነው። ስሙ በባክቴሪያ አሰያየም ሕግ እንዲጸድቅ ሕያው ካልቸሩ፣ ማለትም ያሳደግሽው ባክቴሪያ፣ ሁለት የተለያዩ አገሮች ባሉ የባክቴሪያ ማስቀመጫ ማዕከሎች መቀመጥ አለበት። ይሄ ማለት ወደ ውጭ መላክ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፣ የምትሄጂውም ወደ ኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ፈቃዱን ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ለመጠየቅ እንዳታስቢ፣ አሁኑኑ ጀምሪ።

እስከዚያው ካልቸሩን በግሊሰሮል (ሴሎቹን ከበረዶ ጉዳት በሚጠብቅ ፈሳሽ) አድርገሽ አቀዝቅዢው። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩ እንደሚቀልጥ ታውቂያለሽ፤ አንዱን ቅጂ ሌላ ላብራቶሪ አስቀምጪ።