ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ በቀዶ ሕክምናው መሀል ብተነፍስ ሌዘሩ ይስታል?

ጥያቄ፦ በድምፅ አውታሬ ላይ ትንሽ እብጠት ተገኝቶ በሮቦት በሚመራ ሌዘር እንደሚወጣልኝ ተነግሮኛል። መሀል ላይ ብተነፍስ ወይም ብነቃነቅ ጨረሩ ጤነኛውን ቦታ አያቃጥለውም?

መልስ፦ ሙሉ ማደንዘዣ ስለሚሰጥዎት በራስዎ አይነቃነቁም። ያም ሆኖ ሳንባ አየር ሲሞላና ልብ ሲመታ ጉሮሮ በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ስጋትዎ መሠረት አለው።

ለጉሮሮ በብዛት የምንጠቀምበት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ነው። የሞገዱ ርዝመት 10.6 ማይክሮሜትር ሲሆን፣ በሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ ወዲያው ስለሚውጠው ጨረሩ ጠልቆ ሳይገባ ይቆርጣል። ይህን የሚያደርገው ግን ከግማሽ ሚሊሜትር ባነሰች ነጥብ ላይ ሲሰበሰብ ነው። ርቀቱ ተዛብቶ የነጥቧ ዲያሜትር እጥፍ ቢሆን የጨረሩ ጥግግት ወደ ሩብ ይወርዳል። ያኔ መቁረጡ ይቀርና ማሞቅ ይጀምራል፤ ሙቀቱም ወደ ጎን ይሰራጫል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በድምፅ አውታር ላይ የሚቀር ጠባሳ ድምፅን ያሻክራል።

ምስል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አንዳንዱ መሣሪያ በሁለት ካሜራዎች ርቀትን ይለካል። ሌላው ኦሲቲ በሚባለው፣ በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ በሆነው ዘዴ ይጠቀማል፤ አሠራሩ እንደ አልትራሳውንድ ሆኖ በድምፅ ፋንታ ብርሃን ይልካል፣ የማይክሮሜትሮችን ልዩነትም ይለያል። ኮምፒውተሩ ልዩነቱን እንዳየ ሌንሱን ወይም የሮቦቱን ክንድ ያስተካክላል፤ ወዲያው እንደገና ይለካል። ሌዘሩ በቆረጠ ቁጥር የቁስሉ ወለል ዝቅ ስለሚል ፎከሱም፣ ማለትም ጨረሩ የሚሰበሰብባት ነጥብ፣ አብሮት መውረድ አለበት። ጭስ፣ ደምና ምራቅ ምስሉን ይጋርዳሉ፤ ጭሱ ያለማቋረጥ የሚመጠጠው ለዚህም ጭምር ነው።

በዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በኦሲቲ የሚመሩ ሌዘሮች ሥራ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። በጉሮሮ ግን ፎከሱን ራሱ የሚያስተካክል ሮቦት በአብዛኛው ገና በምርምር ላይ ነው። ስለዚህ ሐኪምዎን በቀጥታ ይጠይቁ፦ የእኔን ፎከስ የሚጠብቀው መሣሪያው ነው ወይስ እርስዎ? ምስሉ ቢጠፋ ሌዘሩ በራሱ ይቆማል? የሌዘሩን ፔዳል የሚረግጠው ማነው? ትንፋሹ ካስቸገረ ደግሞ የማደንዘዣ ባለሙያው ኦክስጅንዎን እየተከታተለ መተንፈሻ መሣሪያውን ለአጭር ጊዜ ሊያቆምና ሐኪሙ በዚያች ጸጥታ ሊቆርጥ ይችላል፤ ይህም ለእርስዎ ይታሰብ እንደሆነ ይጠይቁ።