በቀይ ማቀፊያ የቀሩ ፊልሞች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድሜ ቤት ሲቀይሩ አንድ ካርቶን ሙሉ ፊልም ሰጡኝ። ዲስኮቹ ብርሃን በሚያሳልፍ ቀይ ፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ናቸው፤ «ኤችዲ ዲቪዲ» የሚል ተጽፎባቸዋል። ብሉ ሬይ ማጫወቻዬ አላውቃቸውም ብሎ ይተፋቸዋል፤ ዲቪዲ ማጫወቻዬም እንደዚያው። ወንድሜ «በጊዜው ይህን የሚያህል ጥራት አልነበረም» ይላሉ። ታዲያ ሰው ለምን አልገዛውም? ብሉ ሬይስ ቢሆን፣ አሸነፈ ከተባለ በኋላ ለምን እንደ ዲቪዲ በየቤቱ አልገባም? — የካርቶኑ ወራሽ

መልስ፦ ወንድምዎ እውነታቸውን ነው። ያወረሱዎት ግን የተሸናፊውን ወገን ንብረት ነው፤ ኤችዲ ዲቪዲና ብሉ ሬይ ዲቪዲን ለመተካት የተፎካከሩ፣ ባለ ከፍተኛ ጥራት ዲስኮች ነበሩ።

መጀመሪያ ማጫወቻው ለምን እንደሚተፋቸው ልንገርዎ። ዲቪዲ የሚነበበው በቀይ ሌዘር ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 650 ናኖሜትር። ኤችዲ ዲቪዲና ብሉ ሬይ ሁለቱም ወደ ወይን ጠጅ በሚያደላ ሰማያዊ ሌዘር፣ በ405 ናኖሜትር ይሠራሉ። ጨረሩ አንድ ነው፤ የተለያዩት በጥልቀት ነው። የብሉ ሬይ መረጃ ያለው ከዲስኩ ገጽ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ገባ ብሎ ነው። የኤችዲ ዲቪዲው እንደ ዲቪዲ 0.6 ሚሊ ሜትር ውስጥ ተቀብሯል። የእርስዎ ማጫወቻ በሰማያዊው ጨረር በር ላይ ቆሞ ጓዳ ያለውን ሰው እየፈለገ ነው ማለት ነው። ዲቪዲን የሚያነበው ለዚያ ብቻ የተሰናዳ ቀይ ሌዘር ስላለው ነው፤ ለኤችዲ ዲቪዲ ያሰናዳለት የለም።

ጠቡም የተነሳው ከዚሁ ነው። እነ ቶሺባ የዲቪዲውን ጥልቀት ሳይነኩ ቢተዉት የዲቪዲ ፋብሪካዎች በትንሽ ማሻሻያ አዲሱን ዲስክ ያመርታሉ፣ ወጪም ይቀንሳል ብለው አሰቡ። በአንድ ንብርብር 15 ጊጋባይት ያዘላቸው። እነ ሶኒ መረጃውን ወደ ገጹ አስጠግተው 25 ጊጋባይት አስገቡ፤ ለዚያ ግን አዲስ የማምረቻ መሣሪያ አስፈለገ። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ የተጎዳው መሀል ላይ የቆመው ገዢ ነው።

በአሜሪካ ገበያ የሆነውን ይመልከቱ (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያንብቡልኝ)። በሚያዝያ 2006 የቶሺባ ርካሹ ማጫወቻ በ499 ዶላር ወጣ። ከሁለት ወር በኋላ የሳምሰንግ ብሉ ሬይ መጣ፣ 999 ዶላር። ፊልሞቹም በየፊልም ኩባንያው እንደ ንብረት ክፍፍል ተበታተኑ፤ የዩኒቨርሳልን ፊልም የፈለገ ኤችዲ ዲቪዲ፣ የዲዝኒን የፈለገ ብሉ ሬይ መግዛት ነበረበት። ፓራማውንት በሁለቱም ሲያወጣ ቆይቶ በነሐሴ 2007 ብሉ ሬይን ተወ። ሁለቱንም የሚያጫውት መሣሪያ ከኤልጂ ቢመጣም ዋጋው 1,199 ዶላር ነበር። በዚያ ሰሞን ጓደኛዎ «የትኛውን ልግዛ?» ቢልዎት ምን ይመልሱለት ነበር? እኔ የጠየቀኝን ሁሉ «ቁጭ በል» ነው ያልኩት። በጥር 4 ቀን 2008 ዋርነር ወደ ብሉ ሬይ ጠቅልሎ እንደሚገባ አሳወቀ፤ በየካቲት 19 ቶሺባ እጅ ሰጠ። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። በዚህ መሀል የሶኒን ፕሌይስቴሽን 3 ለጨዋታ ብለው የገዙት ሰዎች፣ መሣሪያው ብሉ ሬይንም ስለሚያጫውት፣ ብሉ ሬይ ማጫወቻ ሳያስቡት ቤታቸው ገብቶላቸዋል።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል፦ ጦርነቱ ገዢውን አስፈራው ይልና ያበቃል። እኔ ግን ጦርነት ባይኖርም ነገሩ ቀስ ይል ነበር ባይ ነኝ። ይህን ያስተማረኝ የራሴ ሞኝነት ነው፤ ስቀው ያንብቡት።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ብሉ ሬይ ማጫወቻ ገዛሁና ከ32 ኢንች ቴሌቪዥኔ ጋር አገናኘሁት። ሻጩ «ገመዱ አብሮ አለ» ብሎኝ ስለነበር ካርቶኑ ውስጥ ያገኘሁትን ባለ ሦስት ራሱን ገመድ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጩን ሰካሁ። ሰባት ወር እንደዚያ አየሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አጫውቼ «ጥራቱን አያችሁ?» እላለሁ። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ እኔም አብሬ እነቀንቃለሁ። አንድ ቀን የእህቴ ልጅ የወደቀ ነገር ሊያነሳ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ጎንበስ አለና «አጎቴ፣ በቢጫው ነው እንዴ የምታየው?» አለኝ። በዚያ ቢጫ ገመድ ከፍተኛ ጥራት የሚባል ነገር አያልፍም! 1,080 መስመር ያለው ምስል ወደ ዲቪዲው ልክ ወርዶ፣ ቀለሙም ትንሽ ፈሶበት ነው የሚደርሰው። ሰባት ወር ሙሉ ዲቪዲ እያየሁ ብሉ ሬይ ሳደንቅ ኖሬያለሁ።

ልጁ ከፍተኛ ጥራት የሚያሳልፈውን የኤችዲኤምአይ ገመድ አምጥቶ ሰካ፤ ያንኑ ፊልም ከፈትን። ስክሪኑ ሥር ተንበርክኬ አየሁ። ያለማቋረጥ ያየሁት የአንድ ሽማግሌ ካፖርት ግራጫ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ጥቁርና ነጭ ክር ተጋምዶ፣ ልክ እንደ ዓሣ አጥንት ተሸምኖ ኖሯል። ክሩን መቁጠር ነበር የቀረኝ። ከዚያ ተነስቼ ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ካፖርቱም ተመልሶ ግራጫ ሆነ።

ወንበሬ ከስክሪኑ 3.5 ሜትር ይርቃል። ጤነኛ ዓይን ከዚያ ርቀት ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ32 ኢንች ስክሪን ላይ የዲቪዲ አንዱ መስመር 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፣ የብሉ ሬዩ ደግሞ 0.4 ገደማ። ስለዚህ ዓይኔ ዲቪዲውን እንኳ አሟጦ አላየውም፤ ተጨማሪውን በምን ይየው? ሙሉ ጥራቱን ለማግኘት ከስክሪኑ ቁመት በሦስት እጥፍ ርቀት ላይ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ በእኔ ቴሌቪዥን 1.2 ሜትር መሆኑ ነው። ማን ነው ሳሎኑን እንደዚያ የሚያሰናዳ?

ዲቪዲን ደግሞ ያስታውሱ። ከካሴት ሲረከብ ያመጣው የምስል ጥራት ብቻ አልነበረም። ማጠንጠን ቀረ፣ ክር መጎተት ቀረ፣ ወደፈለጉት ትዕይንት መዝለል ተቻለ፣ ኮምፒውተር ውስጥም ይገባል። ይህን ለማወቅ ስክሪን ሥር መንበርከክ አያስፈልግም። አዲሶቹ ዲስኮች ያመጡት ቅርጹ ያው የሆነ ዲስክ ነው፤ መሣሪያዎቹ አሮጌውን ዲቪዲ ስለሚያጫውቱም የሚያስቸኩል ነገር አልነበረም። ከእነሱ በፊት የተሞከሩትም አልሰመረላቸውም። ጃፓን በ1994 የ30 ሳንቲ ሜትር ዲስክ ለከፍተኛ ጥራት አውላ ነበር። በ2002 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከፍተኛ ጥራት ያላቸው ፊልሞች በካሴት ወጡ። ዲቪዲን ለምዶ የነበረ ሰው ወደ ማጠንጠን ተመለስ ሲባል ይታይዎት!

ኔትፍሊክስ በጥር 2007 ፊልም በኢንተርኔት ማሳየት ሲጀምር ምስሉ ከዲስክ ያነሰ ነበር። ሰዉ ግን ተቀበለው፤ ከወንበሩ ሳይነሳ የሚያይበት ነገር ነዋ።

አሁን ካርቶኑን ያገላብጡ። «ኮምቦ» የሚል የተጻፈባቸው ካሉ በአንዱ ገጽ ኤችዲ ዲቪዲ፣ በሌላው ተራ ዲቪዲ ናቸው፤ ገልብጠው ያስገቧቸው፣ ዲቪዲ ማጫወቻዎ ያነባቸዋል። ለቀሩት ያገለገለ የቶሺባ ማጫወቻ ማፈላለግ ነው። የመጀመሪያው ሞዴል ከሆነ ትዕግስት ያድርጉ፤ ውስጡ ፔንቲየም 4 ያለው ኮምፒውተር ነው፣ ለመነሳትም ብቻ ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ገመዱን ሲሰኩ ደግሞ እኔን ያስታውሱ።

ጥያቄ፦ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ዲቪዲዎች አሉኝ። ሁሉንም በብሉ ሬይ ልተካቸው? — ሰብሳቢዋ

መልስ፦ ሁሉንም አይተኩ። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጹት ይጠቀማሉ፤ ፊልሙ ላይ ዲቪዲው ያልያዘው ዝርዝር አለ። በድሮ ቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹ ድራማዎችን ግን ብሉ ሬይ ላይ ቢጭኗቸውም ከየትም የሚመጣ ዝርዝር የላቸውም፤ ለእነሱ ገንዘብዎን አያውጡ። ከመምረጥዎ በፊት ከወንበርዎ እስከ ስክሪኑ ያለውን በሜትር ይለኩና የቴሌቪዥኑን ቁመት ጨምረው ይጻፉልኝ፤ የትኞቹ እንደሚያዋጡ አብረን እናያለን።