ፒንሳ ይዞ ማገልገል

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን መስመር አርጅቷል። በነጻ ላድሰው አስቤያለሁ። ግን ዘማሪም ዲያቆንም አይደለሁም፤ ይህ አገልግሎት ይባላል? ከአሥራቴስ ይቆጠርልኛል? መቅደስስ መግባት እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዘፀአት 31ን አንብብ። ባስልኤል ከይሁዳ ነገድ ነው፤ ካህን አልነበረም። ወርቅና ናስ ይሠራል፣ እንጨት ይጠርባል። እግዚአብሔር መንፈሱን የሞላበት ለዚሁ ሥራ ነው። ስለዚህ ፒንሳህን አትናቃት።

አሥራቱ ግን ሌላ ነው። እሱ ከደመወዝህ ነው፣ ይሄ የፈቃድ ስጦታ ነው። አንዱ ሌላውን አያወራርድም።

ባስልኤልም ቢሆን ሙሴ ጠርቶት ነው የጀመረው። አንተም መጀመሪያ ሰበካ ጉባኤውን አነጋግር። የዕቃ ገንዘብ በእጅህ አትያዝ። ዝርዝሩን ጻፍላቸው፣ እነሱ በደረሰኝ ይግዙ። ታማኝ ሰው በሁለት ጥቅል ሽቦ ሲታማ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

መቅደስ የሚገቡት ካህናትና ዲያቆናት ናቸው። አንተ መስመሩን እስከ መጋረጃው አድርስ። ከዚያ ወዲያ ሙያው ያለው ዲያቆን ይቀጥል፤ ኮምቦልቻ ላይ ቴክኒክ የተማረ ዲያቆን አይጠፋም። ሕንጻው ተነካክቶ የሚታደስ ከሆነ ግን ደሴ ያለው ሀገረ ስብከት ፈቅዶ ታቦቱ ወደ መቃኞ፣ ማለትም ወደ ጊዜያዊው ቤተ ክርስቲያን ይወጣል። ያኔ ነገሩ ይለያል።

ሥዕል ያለበት ግድግዳ ላይ ሚስማር እንዳትመታ። መጋረጃ አጠገብም ሶኬት አታድርግ። በፊት ባገለገልኩበት ደብር ለክብረ በዓል ሞንታርቦውም ፓውዛውም ከአንዲት ማከፋፈያ ተሰክተው ነበር። ማኅሌት ላይ ቆመን የጎማ ሽታ መጣ። ዕጣኑ ሸፍኖት ቶሎ አልታወቀንም። መጋረጃው ሥር ስናይ ማከፋፈያዋ እንደ ሰም ቀልጣለች። ጧፉ እንደሁ የትም አይሄድም፤ አምፖል የሚተካው አይደለም። እኔ የምፈራው ያንን የተደበቀ ሽቦ ነው።

አንድ ያልጠየቅኸኝ አለ፤ ጫማ። ቅጽሩ ውስጥ አልፈህ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስትገባ ታወልቃለህ፣ ይህ የታወቀ ነው። ግን በባዶ እግር ሽቦ መንካት ክብር ሳይሆን እግዚአብሔርን መፈታተን ነው። ከአስተዳዳሪው ጋር ተነጋግረህ ደረቅ የጎማ ምንጣፍ አንጥፍና እሱ ላይ ቁም። መብራቱን ከቆጣሪው አጥፋ። ሳጥኑን ቆልፈህ ቁልፉን ኪስህ ክተት። ሞንታርቦ ልሞክር ብሎ የሚያበራ አይጠፋም።