ውሃ የሚወድ ልጅ እጃችሁ ሲገባ

ልጆቼ፣ ኦቲዝም ካላቸው ልጆች ጋር መስራት ስትጀምሩ ብዙዎቻችሁ በውሃ ጨዋታ ምን ላስተምረው ብላችሁ ነው የምትጠይቁኝ፣ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ልጁ ምን እያደረገ እንደሆነ እዩ ነው የምላችሁ። አንዱ ከኩባያ ኩባያ ሲገለብጥ ይውላል፣ አንዱ ጠብታው ሲወርድ ማየት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ አንዷ እጇን ሳፋ ውስጥ ነክራ ዝም ትላለች። አታቋርጧቸው። አጠገቡ ቁጭ በሉና እናንተም በራሳችሁ ኩባያ ገልብጡ፣ እሱ ሲያቆም አቁሙ። ቀና ብሎ ማየት ሲጀምር ጆጉን ከፍ አድርጋችሁ ያዙና ትንሽ ጠብቁ፣ ቃል ባይኖረውም እጃችሁን ይጎትታል ወይ ጆጉን ያያል፣ ያ ጥያቄ ነው፣ ወዲያው አፍስሱለት። "ውሃ በል" እያላችሁ አታስለቅሱት እባካችሁ።

ወደ ዋና ገንዳ ስትሄዱ ነገሩ ይሰፋል። ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ የቆመ ልጅ እግሩ የሚሸከመው የክብደቱን ሲሶ ገደማ ነው፣ ውሃው ደግሞ ዙሪያውን ጫን ይለዋል፣ ብዙ ልጆች እዛ ሰከን የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል። ሁሉም አይደሉም ግን፣ ለአንዳንዱ የክሎሪኑ ሽታና ድምፁ ሲያስተጋባ ስቃይ ነው፣ ስለዚህ ሰው የማይበዛበት ሰዓትና ሞቅ ያለ ውሃ ፈልጉ፣ የቴራፒ ገንዳዎች ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ይሆናሉ። መውጣት ከመግባት ስለሚከብድ ከውሃ በኋላ ምን እንደሚመጣ ቀድማችሁ በስዕል አሳዩት። ሃሊዊክ የሚባለውን ዘዴም ተማሩት፣ ጄምስ ማክሚላን እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ የጀመረው ነው፣ ልጁን በተንሳፋፊ ፋንታ በሰው እጅ ደግፎ ውሃውን እንዲለምድ በማድረግ ይጀምራል።

ውሃ ኦቲዝምን ያድናል የሚሏችሁን አትስሙ፣ አያድንም።

አሁን በጣም የሚያስጨንቀኝን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በውሃ ሰጥመው የመሞት እድላቸው ከሌሎች ልጆች 160 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ብዙዎቹ ሳይታዩ ከቤት ይወጣሉ፣ ውሃ ይስባቸዋል፣ አደጋው ደግሞ አይታያቸውም። እናንተ ውሃን ካስወደዳችሁት ይሄም የናንተ ኃላፊነት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳፋም ይሁን ገንዳ ሳይፈቀድለት እንዳይገባ አንድ አይነት ምልክት አስለምዱት፣ ሁሌም፣ ደክሟችሁም ቢሆን። ገንዳ ውስጥ ዞሮ ጠርዙን መያዝ ከመዋኘት በፊት ይማር፣ አንዳንዴም ልብሱን እንደለበሰ ይለማመደው፣ በድንገት የሚወድቅ ልጅ የዋና ልብስ አይለብስም። የሚጥል በሽታ እንዳለበት ጠይቁ፣ ኦቲዝም ካላቸው ልጆች መሃል ይበዛል። የክንድ ተንሳፋፊ ለብሷል ብላችሁ ክንዳችሁ ከሚደርስበት አትራቁ፣ ሳፋውንም ጨዋታው እንዳለቀ ድፉት።

ወላጆቹን ደግሞ ቁጭ አድርጋችሁ ንገሯቸው፦ ልጁ ድንገት ከጠፋ አልጋ ስርና ጎረቤት ከመፈለጋቸው በፊት መጀመሪያ በአካባቢው ወዳለው ውሃ ይሩጡ።