ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ አስም ይዤ ባሌ ተራራ ልውጣ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ከርመዋል? የ28 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አስም አለብኝ። በአፍ የሚሳበውን መከላከያ፣ ቤክሎሜታዞን፣ ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ፤ ሲብስብኝ ደግሞ ትንፋሽ የሚከፍተውን ቬንቶሊን እስባለሁ። ከጥምቀት በኋላ ከአራት ጓደኞቼ ጋር ባሌ ተራሮች አራት ቀን በእግር ልንጓዝ አስበናል። ዲንሾ አንድ ሌሊት አድረን፣ በወብ ሸለቆ አድርገን ሳነቴ እንወጣለን። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ እንወጣለን እንጂ ድንኳን ተክለን አድረን አናውቅም። አንዷ ጓደኛችን ከዱባይ ነው የምትመጣው፤ በገባች ማግስት እንነሳለን። አንዱ ልጅ «ለከፍታው ሁላችንም ዲያሞክስ የሚባለውን ክኒን እንዋጥ» ይላል። ሌላው ለብርዱ አረቄና ከሰል ይበቃናል ባይ ነው። እኔ ግን አስሜ ተነስቶ ጉዟቸውን እንዳላበላሽባቸው ነው የፈራሁት። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ ነገር፣ ይሂዱ። በመድኃኒት የተያዘ አስም ባሌ ከመውጣት አያግድም። እኔን ያሳሰበኝ አስምዎ ሳይሆን የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርዎ ናት። «ጉዟቸውን እንዳላበላሽባቸው» የሚል ሰው ሲያመው አይናገርም። ተራራ ላይ ደግሞ ዝም ያለ ሰው ነው የሚጎዳው።

ከራሴ ልጀምር። ተማሪ ሳለሁ ስድስት ሆነን ሰሜን ተራሮች ወጣን። ጊጭ በደረስንበት ማታ ራሴን ለሁለት ይፈልጠኝ ጀመር። እራት አልበላ አለኝ፤ «ጠግቤያለሁ» ብዬ ተኛሁ። ሌሊት ከድንኳን ወጥቼ አስመለስኩ፣ ድምፄን አጥፍቼ። ጠዋት ሻይ ስንጠጣ አንዱ «እኔን ብቻ ነው ራሴን ያመመኝ?» ሲል ከስድስታችን አራታችን እንደዚያው ስንሰቃይ ማደራችን ታወቀ። ሁላችንም ወደፊት ሐኪም የምንሆን ልጆች ነን እኮ! ይሉኝታ ነው ያፈነን።

ያ የከፍታ ሕመም ነበር። ባሕር ጠረፍ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን 100 ነው ብንል፣ አዲስ አበባ ላይ 75 ገደማ፣ 4000 ሜትር ከፍታ ያለው ሳነቴ ላይ 60 ገደማ ነው የሚደርሰን። ሰውነት ይህን ይለምዳል፤ ግን ቀናት ይፈልጋል። ካልታገሱት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ምግብ መጥላት፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በደረሱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወይም በመጀመሪያው ሌሊት ነው። ጉልበተኛ ነኝ፣ ስፖርተኛ ነኝ ማለት አያድንም። እንዲያውም ጉልበተኛው ፈጥኖ ስለሚወጣ ቀድሞ ይወድቃል።

እንጦጦ መውጣታችሁ ለእግርና ለሳንባ ጥሩ ልምምድ ነው፤ አታቋርጡት። ከፍታን ግን አያስለምድም። ጫፉ ከ3000 ሜትር በላይ ቢሆንም ከሰዓት በኋላ ወርዳችሁ ሰሚት ነው የምትተኙት። ሰውነት የሚቆጥረው የተኛበትን ከፍታ ነው። ደንቡም የሚለው፣ ከ3000 ሜትር በላይ ማደሪያችሁን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አታሳድጉ ነው። ዲንሾ 3100 ገደማ፣ ወብ ሸለቆ 3500 ገደማ፣ ከዚያ ሳነቴ። ዕቅዳችሁ ለአዲስ አበባ ልጅ ደህና ነው። ከመኪና ወርዳችሁ በዚያው ቀን ሳነቴ ልትተኙ ብትሉ ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

ለዱባይዋ ጓደኛችሁ ግን ደህና አይደለም። እሷ ከባሕር ጠረፍ ነው የምትመጣው። ዛሬ ቦሌ ወርዳ ነገ ዲንሾ ብትተኛ በሁለት ሌሊት 3000 ሜትር ተሰቀለች ማለት ነው። ወይ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላ ትምጣና አዲስ አበባ ትረፍ፣ ወይ እናንተ መነሻችሁን ግፉላት። የቡድኑን ፍጥነት የሚወስነው ከፍታውን ያልለመደው ሰው ነው።

ስለ ዲያሞክስ ልንገርዎት። ፋርማሲ ስትጠይቁ «ለዓይን ነው?» ቢሏችሁ አትደነቁ፤ እዚህ በብዛት የሚታዘዘው ለግላኮማ ነው። የከፍታ ሕመምንም በእርግጥ ይከላከላል። የተለመደው መጠን 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ሲሆን ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ይጀመራል። ጣትን ይነዝራል፣ ሽንት ያመላልሳል፣ ለስላሳ መጠጥ ስትጠጡ ጣዕሙን ያበላሻል። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ኩላሊት ያመመው ሐኪም ሳያይ አይነካውም። ሁላችሁም መዋጥ አያስፈልጋችሁም። ለዱባይዋ ግን ከሐኪሟ ጋር ብትመክርበት ጥሩ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አትሳቱ። ራስ ምታት ይዟችሁ ፓራሲታሞል መዋጥ ነውር የለውም፤ ሕመሙ ሳይለቅ ወደ ላይ መቀጠል ግን አይቻልም። ባላችሁበት እደሩ። ከባሰ ውረዱ። ሰው ሲራመድ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተዘባረቀ ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ እየቋጠረ ሊሆን ይችላል። ጨለማም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን ወዲያው ይውረድ። ብቻውን ግን አይላክ።

አሁን ወደ እርስዎ አስም። የባሌ አየር ከአዲስ አበባ የመኪና ጭስ ይሻላል፤ ብዙ አስመኛ ላይ ላይ ሲወጣ እንደሚቀለው አይቻለሁ። ጠላትዎ ቀዝቃዛውና ደረቁ የጠዋት አየር፣ አቧራው፣ የእንጨት ጭሱ ነው። ቤክሎሜታዞኑን አንድም ቀን አይዝለሉ፤ «ደህና ነኝ» ብለው ቤት ጥለውት እንዳይሄዱ። ዳገት ከመጀመርዎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀደም ብለው ቬንቶሊን ሁለት ጊዜ ይሳቡ። አፍና አፍንጫዎን በሻርፕ ይሸፍኑ። አድቪል (አይቡፕሮፌን) እና አስፕሪን አንዳንድ አስመኛን ስለሚያስነሳበት ለእርስዎ ፓራሲታሞል ይበቃል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ስህተት ግን ይኼ ነው። ሳነቴ ላይ፣ ሌሊት፣ ድንኳን ውስጥ ትንፋሽ ያጥርዎታል። «አስሜ ነው» ብለው ቬንቶሊን ይስባሉ። ትንሽ ይቆዩና ይደግሙታል። ግን አስም ላይሆን ይችላል። ከፍታው ሳንባ ውስጥ ውሃ ሲያስቋጥር ምልክቱ ተመሳሳይ ነው፦ ቁጭ ብለውም የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር፣ ደረቅ ሳል፣ ቆይቶም አረፋማ አክታ፣ የከንፈር መጥቆር። ቬንቶሊን ስበው ካልቀለለዎት፣ ወይም ከሳቡ አራት ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ካስፈለገዎት፣ የየትኛው በሽታ ነው ብለው አይከራከሩ። የሁለቱም መልስ መውረድ ነው። ደግነቱ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው የመኪና መንገድ ሳነቴን አቋርጦ ያልፋል። ጎባም ሪፈራል ሆስፒታል አለ። ወብ ሸለቆ ላይ ግን መኪና እንደ ልብ አያገኙም፤ በአብዛኛው ያለው ፈረስ ነው። ስለዚህ አስጎብኚያችሁን ገና ዲንሾ ሳላችሁ «ሌሊት ሰው ቢታመምብን በየት ነው የምንወጣው?» ብላችሁ ጠይቁት።

አረቄው ይቅር። ሙቀት የሚሰጥ ይመስላል እንጂ ቆዳን እያሞቀ የውስጥ ሙቀትን ያስወጣል። በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽንም ያዳክማል፤ ኦክስጅን ባነሰበት ቦታ ይህ ቀልድ አይደለም።

ስለ ከሰሉ ደግሞ ሳልቆጣ አልቀርም። ድንኳን ውስጥ ከሰል ማስገባት ሞት ነው። የከሰል ጭስ በየክረምቱ ቤት ዘግተው የተኙ ሰዎችን ሲገድል እንሰማለን አይደል? ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። «ፍም ሆኗል፣ አይጨስም» የሚባለው ከሰልም ያመነጨዋል። የሚጀምረውም በራስ ምታትና በማቅለሽለሽ ነው፤ ልክ እንደ ከፍታ ሕመም። ቡናውን ውጪ አፍሉ። የጋዝ ምድጃም ቢሆን ድንኳን ውስጥ አይለኮስ።

በዚያ ወቅት ሳነቴ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ በረዶ ለብሶ ነው የሚነጋው። ለብርዱ ደህና ስሊፒንግ ባግ፣ ከሥሩ ፍራሽ፣ የሱፍ ካልሲና ኮፍያ ያዙ። የፈላ ውሃ ሙቀት በሚችል ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግር ሥር አስገቡ። ጋቢም ይሆናል፣ ደረቅ እስከሆነ ድረስ። ጥጥ ከራሰ ግን ብርድ እንጂ ሙቀት አይሰጥም፤ ቀን በላብ የራሰ ቲሸርት ለብሳችሁ አትተኙ።

ስለ ምግብ ብዙ አልጨነቅም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጭኮ ደግሞ የአገሩ ነው፣ አንድ ጭብጥ ብቻ ዳገት ያስወጣል። ምስር ግን ይዛችሁ አትልፉ። ሳነቴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምስሩ ቶሎ አይበስልላችሁም። የወንዙን ውሃ ለመጠጥ ስታፈሉ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ውሃ አጋር (የክሎሪን ውሃ ማከሚያ) ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ብትጠብቁም ጥሩ ነው፤ ሆኖም ክሎሪን የማይገድላቸው ተሕዋሲያን ስላሉ የፈላው ይበልጣል። ለተቅማጥ የሚበጠበጠውን ኦ አር ኤስም ጥቂት ከረጢት ያዙ።

ጫማ በጉዞው ዋዜማ ገዝታችሁ አትሂዱ። ሦስት አራት ቅዳሜ እንጦጦ ይርገጥ። መንገድ ላይ ተረከዝ ማቃጠል ሲጀምር፣ ውሃ ሳይቋጥር፣ ቆማችሁ ፕላስተር ለጥፉ። እዚህም ይሉኝታ አለ፦ «አምስት ሰው አላስቆምም» እያለ የሚያነክሰው ማታ ላይ አምስቱንም ያስቆማል።

ውሻም አለ። በወብ ሸለቆ እረኞች ውሾች ያረባሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ውስጥ የቀይ ቀበሮዎቹን ቁጥር ደጋግሞ ያመናመነ በሽታ ነው። ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ጉዞውን አቋርጣችሁ ለክትባት ሂዱ። «ትንሽ ጭረት ናት» አይባልም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል።

ይሉኝታውን እንዴት እንደምትሰብሩት ልንገርዎ። በየማታው ከእራት በፊት አንድ ሰው ተራ በተራ ይጠይቅ፦ ራስህን ያምሃል? ምግብ ይበላልሃል? ትንፋሽህ እንዴት ነው? ሽንትህ ምን ይመስላል? ሁሉም ጮክ ብሎ ይመልስ። በመጀመሪያው ማታ ትስቃላችሁ፤ በሁለተኛው «አዎ፣ ትንሽ ያመኛል» የሚል አይጠፋም። ጠያቂው እርስዎ ቢሆኑ ደስ ይለኛል፤ ሌላውን የሚጠይቅ ሰው የራሱን አይደብቅም።

ከመሄድዎ ከሦስት ሳምንት በፊት ሐኪምዎ ዘንድ ብቅ ይበሉ። ባለፈው ወር ሌሊት ያስነሳዎት፣ ወይም ቬንቶሊን በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ያስፈለገዎት ከሆነ አስሙ አልተያዘም ማለት ነውና መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። አሳሳብዎንም ፊቱ ሳቡና ያሳዩት፤ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ምላሱ ላይ ነው የሚያስቀረው። ለክፉ ቀን የሚሆን ፕሬድኒሶሎን (አስም ሲበረታ የሚዋጥ ክኒን) ያስፈልግዎት እንደሆነም ይጠይቁት። ቬንቶሊን ሁለት ይያዙ፤ ሲቀዘቅዝ በደንብ ስለማይረጭ አንዱ ደረት ኪስዎ ውስጥ ይሁን። ሌላውን ለአንድ ጓደኛዎ ይስጡ፣ አጠቃቀሙንም ያሳዩት። ፈረስ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ብቻ እንዳይከቱት፤ ፈረሱ ቀድሟችሁ ነው የሚሄደው።