ወደ ሃንጋሪ ልሄድ ነው፤ ቤተሰቤ ግን ገንዘብ ይጠብቃል

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፤ ዘንድሮ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት ሳይንስ የተመረቅሁ ወጣት ነኝ። የሃንጋሪ መንግሥት የሚሰጠውን የስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም የትምህርት ዕድል አግኝቼ በመጪው መስከረም ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ሃንጋሪ እሄዳለሁ። የተመኘሁት የምርምር ሥራ በር ስለተከፈተልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ ይሁን እንጂ ስጋቱ እንቅልፍ ነስቶኛል። እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁም፤ ስናገር ግን አፌ ይተሳሰራል። ብርዱንና ብቸኝነቱንም እፈራለሁ። እናቴ የአውሮፕላን ቲኬቴን በዕቁቧ ልትገዛልኝ ወስናለች፤ ታናናሽ ወንድሞቼም የትምህርት ቤት ክፍያቸውን ከእንግዲህ እኔ እንደምችል ተነግሯቸዋል። ጎረቤቶቻችን «ከሄድሽ እንዳትመለሺ» ይሉኛል። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ደግሞ ቪዛውን ቶሎ እንደሚያስጨርስልኝ ነግሮኝ ገንዘብ ጠይቆኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ተጓዧ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ እህታችን፤ በቅድሚያ እንኳን ደስ አለሽ። በደብዳቤሽ ቀድመው የተጠቀሱት እንግሊዝኛው፣ ብርዱና ብቸኝነቱ ናቸው፤ እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍሽው የዕቁቡና የወንድሞችሽ ጉዳይ ስለሆነ ከእርሱ እንጀምራለን።

ያገኘሽው ዕድል የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፤ የጤና መድንም አለው። መኖሪያን በተመለከተ ወይ በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ በነጻ ትኖሪያለሽ፣ ወይም ለቤት ኪራይ በወር 40,000 ፎሪንት (የሃንጋሪ ገንዘብ) ይታሰብልሻል። ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በእጁ የሚደርሰው ወርኃዊ ገንዘብ ግን 43,700 ፎሪንት ሲሆን፣ ይህም ወደ 110 ዩሮ ገደማ ነው። ለኑሮ ድጎማ እንጂ ወጪን ሁሉ ለመቻል የተመደበ አይደለም፤ የአውሮፕላን ቲኬትም አይጨምርም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ይህ ገንዘብ በብር ሲሰላ ሐዋሳ ላይ ደኅና ደመወዝ ስለሚመስል፣ እናትሽ ከእርሱ ላይ ለወንድሞችሽ የሚተርፍ አለ ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። አንቺ ግን የምትበይውም፣ የክረምት ልብስ የምትገዢውም፣ የምትሳፈሪውም በፎሪንት ነው።

ከዚህም ሌላ ዕቁብ ቀድሞ የወጣለት ሰው ዙሩ እስኪያልቅ መጣሉን እንደሚቀጥል ታውቂያለሽ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የቀረውን የሚጥለው ማን ነው? እናትሽ ከአንቺ በሚላክ ገንዘብ ሊጥሉ አስበው ከሆነ፣ ገና ትምህርት ሳትጀምሪ ባለዕዳ ሆነሽ መሄድሽ ነው። ስለዚህ የቲኬቱ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ወላጆችሽን አስቀምጠሽ የገቢሽንና የወጪሽን ቁጥር በወረቀት ላይ ጽፈሽ አሳዪያቸው፤ ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት ምንም እንደማትልኪም በግልጽ ንገሪያቸው። ለወንድሞችሽም እውነቱን የምትነግሪያቸው አንቺው ብትሆኚ ይሻላል። ነገሩ እንደሚከብድ አናጣውም፤ በእኛ ቤት ለወላጅ «አልችልም» ማለት እንደ ውለታ ቢስነት ይቆጠራል። ይሁንና ቃል ገብታ የሄደች ልጅ ቃሏን ለመጠበቅ ስትል ክፍል እየቀረች ሥራ ላይ ትውላለች። የአንድ መንፈቀ ዓመት መደበኛ ጫና 30 ክሬዲት በሆነበት ሥርዓት ኮርሶች ከተንጠባጠቡ ደግሞ አደጋ ላይ የሚወድቀው የትምህርት ዕድሉ ራሱ ነው። የመጀመሪያው ክፍያም ምዝገባ እስኪጠናቀቅና የባንክ ሂሳብ እስኪከፈት ሊዘገይ ስለሚችል፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያሻግር ገንዘብ ያስፈልግሻል። ባንኮች ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ለሚያቀርብ መንገደኛ የውጭ ምንዛሪ ይሸጣሉና ይህን ለመጨረሻዎቹ ቀናት አታቆዪው።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ ፍርሃትሽ መሠረት አለው። በሃንጋሪ ዩኒቨርሲቲዎች በርካታ ፈተናዎች የሚሰጡት በቃል ነው፤ ተማሪው ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ የደረሰውን ርዕስ ያስረዳል፣ ከ1 እስከ 5 ባለው መለኪያም ውጤቱ ይሰጠዋል፤ 1 ወድቋል ማለት ነው። ምርጫ እያጠቆረ ለኖረ የአገራችን ተማሪ ይህ እንግዳ ነገር ነው። እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፍሽን በየቀኑ ለአንድ ጓደኛሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ በእንግሊዝኛ አስረጂ፤ ጓደኛሽም እያቋረጠች ትጠይቅሽ። አዲስ የሰዋስው መጽሐፍ ከመግዛት ይህ ይጠቅምሻል። በመጀመሪያው ዓመት የሃንጋሪ ቋንቋ ኮርስም ስለሚጠብቅሽ እንደ ትርፍ ነገር አትናቂው፤ ገበያ ወጥተሽ ሽንኩርት የምትገዢው በእርሱ ነው።

ብርዱ በጥሩ ካፖርትና ጫማ ይታለፋል፤ እነሱንም እዚያው ብትገዢ ይሻላል። ብቸኝነቱ የሚከብደው ቀኑ በሚያጥርበት በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሆነ፣ ቀድመው የሄዱ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን ከአሁኑ አፈላልገሽ ተዋወቂ። ስለ መመለስና አለመመለስ ጎረቤቶችሽ የሚሉትን በአክብሮት ሰምተሽ ማለፍ ትችያለሽ፤ ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው፣ ዛሬ መልስ የሚጠይቅሽ የለም።

ጉዳይ አስፈጻሚውን ተዪው። የሃንጋሪ ኤምባሲ አዲስ አበባ አለ፤ ማመልከቻውንም ራስሽ ማቅረብ ትችያለሽ፤ ቪዛ ለመስጠትም ለመከልከልም ሥልጣን የሌለው ሰው ገንዘብሽን የሚቀበልበት ምክንያት የለም። በእርሱ ፋንታ በዚህ ሳምንት ሰነዶችሽን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ መርምሪ። ስምሽ፣ የአባትሽና የአያትሽ ስም በፓስፖርቱ፣ በትራንስክሪፕቱና በ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬትሽ ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ሆኖ ተጽፏል? የልደት ቀንሽስ በአንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ በሌላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተመዝግቦ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አላመጣም? ስህተት ካገኘሽ ትራንስክሪፕቱን ለማረጋገጫ ከመውሰድሽ በፊት ሬጅስትራር ሄደሽ አስተካክዪ፤ ከተረጋገጠ በኋላ የተገኘ ስህተት ሂደቱን ከመጀመሪያው ያስጀምርሻል። እግረ መንገድሽንም የወጪ መጋራት ውልሽን ጉዳይ ጠይቂ፤ ዋናው ዲግሪ የሚሰጠው ይህ ክፍያ ሲጠናቀቅ ነውና፣ በጊዜያዊው ማስረጃ የምትሄጂ ከሆነ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ በእርሱ እንደሚመዘግብሽ በጽሑፍ አረጋግጪ።